መልስ፦ የመኪናው መንገድ ጠቋሚ ከኮምቦልቻ ደሴ ድረስ ይታመናል?

ጤና ይስጥልኝ። ከዱባይ የመጣ ያገለገለ መኪና መግዛትዎን ገልጸው፣ አብሮት የተሠራው መንገድ ጠቋሚ (ጂፒኤስ) ከኮምቦልቻ ደሴ ለሚመላለስ ሰው አስተማማኝ መሆኑን ጠይቀዋል። በእኔ እምነት መሣሪያው ያሉበትን ቦታ በማወቅ ረገድ ይታመናል፤ ጥንቃቄ የሚያሻው ካርታው ነው።

ቦታውን የሚለየው ቢያንስ ከ4 ሳተላይቶች በሚደርሰው ምልክት ሲሆን፣ እንደ ጣርማበር ባለ ዋሻ ውስጥ ምልክቱ ሲቋረጥ ብዙዎቹ ከመኪና ጋር የተሠሩ ጠቋሚዎች የጎማውን ፍጥነትና የመኪናውን መታጠፍ እየለኩ ግምታቸውን ስለሚቀጥሉ ከስልክ ይሻላሉ። ካርታው ግን እዚያው መኪናው ላይ የተጫነ ስለሆነ፣ ካልታደሰ በተጫነበት ዓመት እንደቆመ ይቀራል። ለባሕረ ሰላጤው አገሮች ገበያ የተሠራ መኪና ደግሞ የኢትዮጵያን ካርታ ጨርሶ ላይዝ ይችላል፤ ያን ጊዜ ስክሪኑ ላይ የሚያዩት መንገድ በሌለበት ባዶ ሜዳ የምትሄድ ቀስት ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ከመነሳትዎ በፊት በደሴ አቅራቢያ ያሉትን የሐይቅን ወይም የኩታበርን ከተማ ፈልገው ይሞክሩት።

ካርታው ቢኖር እንኳ የመድረሻ ሰዓቱን እንዳለ አይቀበሉት። ሁለቱ ከተሞች 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢራራቁም ደሴ በ600 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ ዳገቱ ላይ ከፊትዎ የሚያዘግመውን ተሳቢና በድንገት የሚወርደውን ጉም መሣሪያው አያይልዎትም። በተለይ ጠመዝማዛው ላይ፣ እባክዎ፣ ዓይንዎን ከመንገዱ አይንቀሉ።

የመኪናው ካርታ ካልሠራ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ካርታ ስልክዎ ላይ አስቀድመው ያውርዱ። ደሴ ውስጥ ለውስጥ መንገዶች ግን የባጃጅ ሾፌሮችን ቢጠይቁ ይሻላል።