ወይን ልትተክሉ ለምታስቡ የጎጃም ልጆች

ሰላም ልጆች፣ እንዴት ናችሁ። ከመራዊም ከቡሬም ከደብረ ማርቆስም የምትጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ሆኗል፣ በረሃ መሃል በመስመር የተተከለ ቀይ ወይን ቪዲዮ ላይ አይታችሁ እኛስ ምን ጎደለን ትላላችሁ። ዕድሜዬን መስኖ ላይ የጨረስኩ ሰው ነኝና ጥያቄው በጣም ደስ ብሎኛል፣ በሁለት መስመር ከምመልስላችሁ ቁጭ ብዬ ልጻፍላችሁ።

ያያችሁት አገር የአርጀንቲና ፓታጎንያ ነው፣ ሪዮ ኔግሮ የሚባለው ወንዝ ሸለቆ። ቦታው ከምድር ወገብ ወደ ደቡብ 39 ዲግሪ ላይ ነው፣ በዓመት የሚዘንበው 200 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ደብረ ማርቆስ ግን በዓመት 1300 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል፣ ሐምሌ ብቻዋን የነሱን ዓመት ሙሉ ታስንቃለች። በረሃ ነው ሲባል ታዲያ ዓባይ በረሃን እንዳታስቡ፣ እዚያ በበጋቸው ቀን ከ30 ዲግሪ በላይ ይሞቅና ሌሊት ወደ 15 ይወርዳል። የቀይ ወይን ነገር ያለው እዚች ላይ ነው። ፍሬው ቀን በፀሐይ ስኳሩን ይሰበስባል፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ደግሞ ውስጡ ያለው አሲድ ተቃጥሎ አያልቅም፣ የቆዳው ቀለምም ይጠነክራል፣ ቀይ ወይን ደግሞ ቀለሙን የሚያገኘው ከቆዳው ነው እንጂ ከጭማቂው አይደለም። ሌሊቱ የሚሞቅ ቆላ ላይ ብትተክሉ ጣፋጭ ፍሬ ታገኛላችሁ፣ መጠጡ ግን ምላስ ላይ ይሞታል። የዚያን አገር ማልቤክ የሚባለውን ቀይ ወይን ብትቀምሱት የበሰለ አጋም ነው የሚመስለው፣ ጥቁር፣ ጣፋጭ፣ ግን አፍ ውስጥ ምራቅ የሚያመጣ መጎምዘዝ ያለው። ፒኖ ኗር የሚሉት ደግሞ ቀለሙ ሳሳ ያለ ነው፣ ሽታው ወደ እንጆሪ ይሄዳል፣ እኔ እሱን ነው የምመርጠው።

ይሄ ሁሉ ዝም ብሎ የመጣ እንዳይመስላችሁ። መሬቱ ድሮ ደረቅ ቁጥቋጦ ነበር። ኔውኬን ወንዝ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1910 እስከ 1916 ግድብ ሠሩ (ከዚህ በታች ያለው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው)፣ ከዚያ ወደ 130 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ዋና ቦይ ዘረጉ፣ አፕሉም ፒሩም ወይኑም በዚያ ውሃ ነው የሚበቅለው። ኡምቤርቶ ካናሌ የሚባለው የወይን ቤት በ1909 ነው የተጀመረው፣ ከግድቡም ይቀድማል። በ1932 የተተከለ ፒኖ ኗር እስካሁን ፍሬ ይሰጣል፣ ቻክራ የሚባለው ቤት በ2004 ተነስቶ ከነዚያ አሮጌ ግንዶች ስም ያወጣ ወይን ይጠምቃል። ነፋሱም ከባድ ነው፣ ለዚያ ብለው በየማሳው ዳር ፖፕላር የሚባሉ ረጃጅም ዛፎች ደርድረው ተክለዋል። እኛ አገር ወዲያው ባህር ዛፍ ትላላችሁ፣ እባካችሁ ወይን አጠገብ ባህር ዛፍ አትትከሉ፣ ውሃውን ጠጥቶ ይጨርስባችኋል።

ውርጭ ጮቄ ሥር ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ፣ አንድ ሌሊት ባቄላውን አጥቁሮት ያድራል። እነሱም ወይኑ እንቡጥ ሲያወጣ ይመታባቸዋል፣ ታዲያ በዚያ ሌሊት ምን ያደርጋሉ መሰላችሁ፣ ውሃ ከላይ ይረጩበታል! ውሃው እንቡጡ ላይ ወደ በረዶ ሲቀየር ሙቀት ይለቃል፣ እርጭቱ እስካልተቋረጠ ድረስ በመስታወት የተሸፈነ የሚመስለው እንቡጥ ከዜሮ ብዙም ሳይወርድ ይነጋል። መሃል ላይ ፓምፑ ቢቆም ግን ሁሉም አለቀ፣ እንዲያውም ካልተረጨው የባሰ ይጎዳል።

አሁን ወደኛ ልምጣ። የኛ ጠላት ክረምቱ ነው። ድንቻችንን በክረምት ቅጠሉን የሚያጠቁረው በሽታ አለ አይደል፣ ወይኑን በእርጥበት የሚያጠቃው ዳውኒ ሚልዲው የሚባል በሽታ የዚያ ዘመድ ነው። ሪዮ ኔግሮ ላይ ደረቁና ነፋሱ በነፃ ይከላከሉላቸዋል፣ እኛ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ፍሬ ይዘን ብንገኝ በመድኃኒት ብቻ አንወጣውም። ፒኖ ኗር ደግሞ ቆዳው ስስ ዘለላው ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ዝናብ ካገኘው ይበሰብሳል፣ በሱ አትጀምሩ።

ግን እስቲ በጋችንን እዩት። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ መጋቢት ዝናብ የለም ማለት ይቻላል፣ ቀኑ ፀሐይ ነው፣ ሌሊቱ ጋቢ ያስደርባል፣ መራዊ አጠገብ ቆጋ ላይ ደግሞ 7000 ሄክታር የሚያለማ ግድብ አለን። ቀዝቃዛ በረሃ እኮ ለተወሰኑ ወራት እኛም ጋ አለ! ወይን በኛ ዓይነት አገር ሙሉ በሙሉ አያንቀላፋም፣ የሚነሳው ስትገርዙት ነው፣ ስለዚህ ዝናቡ ሲያባራ ብትገርዙት ፍሬው የሚበስለው የካቲትና መጋቢት ላይ ይሆናል፣ የሚገርመው እነሱም የሚለቅሙት በነዚሁ ወራት ነው። ልዩነት አለ፣ የነሱ የበጋ ቀን 15 ሰዓት ያህል ብርሃን አለው የኛ 12 አይሞላም፣ ስለዚህ በስንት ወር እንደሚደርስ ከነሱ አትቅዱ። ውሃውንም እንደ ሽንኩርት አታጠጡት፣ ፍሬው ከያዘ በኋላ ቀነስ ስታደርጉበት ፍሬው ትንሽ ይሆናል፣ ትንሽ ፍሬ ማለት ከጭማቂው ጋር ሲነጻጸር ብዙ ቆዳ ማለት ነው፣ ቀለሙም ጣዕሙም ከዚያ ነው። ማጠጣት የሚያውቅ ሰው ሞልቶናል፣ ጊዜውን ጠብቆ ውሃ መከልከል የሚችል ግን ጥቂት ነው፣ ይሄን ሙያ ብትይዙት በጣም እኮራባችኋለሁ።

አገር ውስጥ ማየት ከፈለጋችሁ ዝዋይ ሂዱ፣ ካስቴል የሚባለው የወይን ኩባንያ ያቋቋመው እርሻ ሜርሎና ሲራህ የሚባሉ የቀይ ወይን ዓይነቶችን በመስኖ ያለማል፣ ወይኑ ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። የቤተሰባችሁን የስንዴና የድንች መሬት ግን አትንኩ፣ ወይን ደህና ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት ዓመት ገደማ ይፈልጋል፣ እናትና አባታችሁ ሦስት ዓመት ምን ይበላሉ? ከጓሮ ጥቂት መስመር ይበቃል። ከመትከላችሁ በፊት ከውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራችሁ ጋር ተነጋገሩ፣ ተራችሁ በስንት ቀን እንደሚደርስ ጠይቁ፣ የሌሊቱን ዝቅተኛ የሚመዘግብ ቴርሞሜትር ገዝታችሁ ከጥቅምት ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ደብተር ላይ ጻፉ። የመጋቢቱ ቁጥር ሲሞላ ላኩልኝ፣ የመግረዣውን ሳምንት ቁጥሩን እያየን አብረን እንወስናለን።