የአጎትሽ ልጅ ያገኘው ብር ላንቺ የሚሰጥ አልነበረም

ሰላም እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ብዙ ደብዳቤ ይመጣልኛል፣ አብዛኛውን በሁለት መስመር መልሼ አልፋለሁ፣ ያንቺ ግን ማታ ቤት ከገባሁ በኋላም ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ።

ለሌሎች አንባቢዎች ነገሩን ባጭሩ ልንገራቸው። ስድስት ኪሎ አካውንቲንግ 3ኛ ዓመት ነሽ፣ በመንግስት ስፖንሰር ነው የምትማሪው፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም ከቤተሰብ ጋር ትኖሪያለሽ፣ አባትሽ ጡረታ ወጥተዋል። ቶሮንቶ የተወለደው የአጎትሽ ልጅ ለአባትሽ በስልክ ሲያጫውታቸው በኮሮና ጊዜ ተማሪ እያለ መንግስት በየወሩ 1,250 ዶላር ያስገባለት እንደነበር ነገራቸው። አባትሽም "ክፉ ቀን ቢመጣ እንኳን እዛ አገር መንግስት ተማሪ አይጥልም" ብለው ቤቱን ሸጠው ትምህርትሽን አቋርጠሽ ካናዳ እንድትሄጂ ቆርጠዋል። ገዢ ተገኝቷል፣ ቅዳሜ ቀብድ ሊቀበሉ ነው። አንቺ ልብሽ አልተቀበለውም፣ ግን "አባቴን እንዴት እምቢ ልበላቸው" ነው ያልሽኝ።

በግልፅ ልንገርሽ፣ አባትሽ ተሳስተዋል። ላንቺ ብለው እንደሆነ ይገባኛል፣ ልጁን ከራሱ ቤት የሚያስበልጥ አባት ነው ያለሽ፣ ግን የቆሙበት መሬት ልክ አይደለም።

ብሩ እውነት ነው፣ የአጎትሽ ልጅ አልዋሸም። የካናዳ መንግስት ሚያዝያ 14፣ 2012 ነው ያስታወቀው፣ ከግንቦት እስከ ነሐሴ በየአራት ሳምንቱ 1,250 ዶላር፣ ልጅ የሚያሳድግ ወይም አካል ጉዳት ያለበት ተማሪ ከሆነ ደግሞ 2,000። ቢበዛ አራት ዙር ነበር፣ ማለትም ሁሉንም ዙር የወሰደ ሰው በ1,250ው ሂሳብ 5,000 ዶላር አገኘ ማለት ነው፣ እሱም ታክስ አለበት፣ ከዛ በጋ በኋላ ፕሮግራሙ ተዘጋ። ዛሬ የለም። ዋናው ነገር ግን ይሄ አይደለም፣ ማን ነው የሚያገኘው የሚለው ነው። ዜጋ የሆነ፣ ቋሚ ነዋሪ የሆነ፣ ጥገኝነቱ የተፈቀደለት፣ እና በመንግስት የተመዘገቡ የአገሩ ነባር ህዝቦች። በቃ። ስተዲ ፐርሚት፣ ማለትም የውጭ አገር ተማሪ ፈቃድ፣ ይዞ የሄደ ተማሪ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። አንቺ ደግሞ የምትሄጂው በስተዲ ፐርሚት ነው።

ይሄን ከወሬ አይደለም የማውቀው። በ2012 ጥር ላይ እኔ ዶክመንቷን ያዘጋጀሁላት አንዲት ልጅ ካናዳ ገባች፣ እናቷ ወርቃቸውን ሸጠው ዕቁባቸውን ቀድመው አውጥተው ነው የላኳት። ሬስቶራንት ውስጥ በሳምንት ሦስት ማታ ዕቃ ማጠብ ጀመረች፣ ሁለት ወር ሳይሞላት ሬስቶራንቱ በኮሮና ተዘጋ። አብራት የምትኖረዋ ልጅም ሐበሻ ነች፣ በልጅነቷ ከወላጆቿ ጋር የሄደች፣ ዜጋ ነች፣ ሁለቱ አንድ ክፍል ነው የሚማሩት፣ አንድ ኪችን ነበር የሚሰሩት፣ በአንድ ቀን ነው ሥራ የፈቱት። ግንቦት ላይ ጓደኛዋ አፕላይ አደረገችና ብሩ ገባላት። ያቺ የኔዋ ልጅ በሌሊት ደወለችልኝ፣ የጓደኛዋን ስልክ ይዛ ፎርሙን እያነበበችልኝ "ጋሼ፣ እኔ የቱጋ ነው የምሞላው?" አለችኝ። የምትሞላበት ቦታ አልነበረም። ሌላ ሥራ ላቆሙ ሰዎች የሚሰጥ በየአራት ሳምንቱ 2,000 የሚከፍል እርዳታ ነበር፣ እሱ የውጭ አገር ተማሪ አይከለክልም፣ ግን ባለፈው ዓመት ቢያንስ 5,000 ዶላር ሰርተሽ ማግኘት አለብሽ። የሁለት ወር ዕቃ አጠባ 5,000 አይሞላም። ለሦስት ወር ሩዝና ምስር ነው የበላችው፣ የቤት ኪራዩን ሁለት ወር የከፈለችላት ያቺ ጓደኛዋ ነች፣ ከራሷ 1,250 ላይ እየቀነሰች። እናቷ እዚህ ሻይ ቤታቸው ገበያ ቀዝቅዞ እያለ "ልጄ መንግስት ይዟታል" እያሉ ለጎረቤት ያወሩ ነበር፣ እውነቱን ልትነግራቸው አልቻለችም። እኔም አልነገርኳቸውም፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

ስለዚህ ነው ያንቺን ደብዳቤ ሳነብ ዝም ማለት ያቃተኝ። ካናዳ ብቻም አልነበረም፣ አሜሪካ መጀመሪያ ላይ ለተማሪዎች የሰጠችው የአደጋ ጊዜ ብር የውጭ ተማሪዎችን ያስቀረ ነበር፣ በ2013 ነው የተስተካከለው። የአውስትራሊያ ጠቅላይ ሚኒስትርማ በዛው ሰሞን ራሳቸውን መቻል ያልቻሉ የውጭ ተማሪዎች ወደ አገራቸው የሚመለሱበት ጊዜ ነው ብለው በይፋ ተናገሩ። ክፋት ነው አልልም፣ ማንኛውም መንግስት በችግር ቀን መጀመሪያ የራሱን ሰው ነው የሚቆጥረው። አንቺ የምትቆጠሪው እዚህ ነው። እዚህም ቢሆን መጋቢት 2012 ኮሮና ሲገባ ተማሪው ወደየቤቱ ነው የተላከው እንጂ እንደ ካናዳው በየወሩ አካውንቱ ላይ የሚገባ ብር አልነበረም፣ እሱን አልደብቅሽም። ግን አስቢው፣ ከ1996 ወዲህ ባለው ኮስት ሼሪንግ አሁን የምትማሪበትን ወጪ አብዛኛውን መንግስት ነው የሚሸፍነው፣ ያንቺ ድርሻ ደግሞ ተመርቀሽ ሥራ ስትይዢ ከደሞዝሽ ቀስ እያለ ነው የሚቆረጠው። ይሄም እርዳታ ነው፣ ስለለመድነው አይታየንም እንጂ። ሦስት ዓመት ተጠቅመሽበታል፣ የቀረሽ አንድ ዓመትና የመውጫ ፈተናው ነው፣ እሱን ጥለሽ ወጥተሽ ከዜሮ ልትጀምሪ ነው?

ሂሳቡን ደግሞ አንቺ አካውንታንት ነሽ፣ ቁጭ ብለሽ ለአባትሽ ስሪላቸው። ካናዳ ስተዲ ፐርሚት ለመጠየቅ ለብቻሽ ለአንድ ዓመት መኖሪያ የምታሳዪው ብር ከነሐሴ 2017 መጨረሻ ጀምሮ 22,895 የካናዳ ዶላር ሆኗል፣ እስከ ታኅሣሥ 2016 እኮ 10,000 ነበር። በዛሬ ምንዛሪ ከ2 ሚሊዮን ብር በላይ ነው፣ ስኩል ፊና ትኬት ሳይጨመር። የኛ ብር ሐምሌ 2016 ላይ ወደ ገበያ ምንዛሪ ከገባ በኋላ የአሜሪካ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ የት እንደደረሰ አይተሻል፣ የሁለተኛው ዓመት ክፍያሽ በየትኛው ምንዛሪ እንደሚሰላ ማንም አያውቅም። ክፍል እያለሽ ደግሞ ከግቢ ውጪ በሳምንት 24 ሰዓት ብቻ ነው መሥራት የሚፈቀድልሽ። የአንድ ዓመቱ ብር ሲያልቅ አባትሽ ምን ሊሸጡ ነው? በጡረታ ደሞዝ ኪራይ ቤት ገብተው? ያ ኮንዶሚኒየም እኮ የቤተሰባችሁ የክፉ ቀን መጠባበቂያ እሱ ብቻ ነው፣ እናትሽ ቢታመሙ፣ ታናሽ ወንድምሽ ቢቸገር የሚያዝበት። ሌላ አገር ለሌላ ሰው ያወጣውን መጠባበቂያ አምናችሁ የራሳችሁን ልትሸጡት ነው።

አትሂጂ እያልኩሽ አይደለም። እኔ ቀን ፒያሳ መድኃኒት ቤት ካሸር ሆኜ ማታ ማታ ተምሬ በስድስት ዓመት ነው ዲግሪዬን የያዝኩት፣ ቀስ ብሎ መሄድ ያዋጣል የምለው ምናልባት ከዛ የመጣ ይሆናል፣ እሱን አውቀሽ ስሚኝ። ግን ተመርቀሽ፣ ሁለት ዓመት የሆነ ቦታ ሰርተሽ ማስተርስ ላይ ሙሉ ስኮላርሺፕ ብትሞክሪ ሌላ ሰው ሆነሽ ነው የምትሄጂው። የእንግሊዙ ቺቭኒንግ ለምሳሌ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ ካገኘሽው ትምህርቱንም ኑሮውንም ትኬቱንም ይችልሻል። ለማግኘት ከባድ ነው፣ ባይሳካ ግን ቤታችሁ እዛው አለ።

ሌሎቹን ቶሎ ልመልስልሽ። ኤአይ አካውንቲንግን ያጠፋዋል ወይ ላልሽው፣ መዝገብ መሙላቱን ይቀንሰዋል፣ ታክስና ኦዲት የገባው ሰው ግን ይፈለጋል፣ ኤክሴልሽን አጠንክሪ። ማይክሮፋይናንሱ ያለ ክፍያ ኢንተርንሺፕ ከሰጠሽ ለሁለት ወር ግቢ፣ ከዛ በላይ በነፃ አትሥሪ። እንግሊዝኛ ስናገር አፌ ይያዛል ያልሽው የልምምድ ጉዳይ ነው፣ ከጓደኛሽ ጋር በየቀኑ ግማሽ ሰዓት አውሩ።

አባትሽን እምቢ በያቸው አላልኩሽም፣ እሱን ለኔ ተይው። ሐሙስ ከሰዓት አራት ኪሎ ቢሮ ነኝ፣ ይዘሻቸው ነይ፣ ቡና እንጠጣለን። የካናዳውን መስፈርት ማን ያገኝ እንደነበር ማን እንደማያገኝ መስመር በመስመር በአማርኛ ጽፌ አስቀምጥላቸዋለሁ፣ የአጎትሽን ልጅም እዛው በስልክ እናገኘዋለን፣ እሱ ራሱ "እኔ ዜጋ ስለሆንኩ ነው" ብሎ ይንገራቸው፣ ከኔ ይልቅ እሱን ይሰሙታል። እስከዛ ገዢው ቢደውልም "ሳምንት ይቆየን" በሉት፣ የቤቱ ካርታ ከቁም ሳጥን አይውጣ።