ፊቱ ያበጠ ልጅ ሲመጣባችሁ

ዘንድሮ ጤና ጣቢያ የተመደባችሁ ነርሶችና ጀማሪ ሐኪሞች፣ እንደ ታላቅ ስሙኝ እስቲ።

የ7 አመት ልጅ ጠዋት ፊቱ አብጦ አይኑ አልገለጥ ብሎ ይመጣል፣ እናትየው "ምች መታብኝ" ትላለች፣ እናንተ ደሞ እግሩን ተጭናችሁ ጎድጎድ ሲል ታዩና ወይ የምግብ እጥረት ነው ብላችሁ ፕላምፒነት (የተመጣጠነው የለውዝ ቅቤ) ወይ ኔፍሮቲክ (ኩላሊት ፕሮቲን የሚያፈስበት በሽታ) ነው ብላችሁ ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን ስቴሮይድ ትጀምራላችሁ። ቆይ! ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ጉሮሮ ወይ ቆዳ ካቆሰለ በኋላ የሚመጣው የኩላሊት ብግነት (ግሎሜሩሎኔፍራይቲስ) ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ሽንቱን ተቀብላችሁ እዩት፣ ኮካ ወይም ወፍራም ሻይ መስሏል? ከዛ ሱሪውን ሰብስቡና ቅልጥሙን እዩ፣ እከክ ያከከበት የደረቀ የቁስል ጠባሳ አይጠፋም። እናትየው አትነግራችሁም፣ ቁስሉ ድኗላ፣ ለሷ ያለቀ ነገር ነው። ስለዚህ ያለፈውን አንድ ወር ተኩል ጠይቁ። ከጉሮሮ ህመም በኋላ ከ1 እስከ 3 ሳምንት፣ ከቆዳ ቁስል በኋላ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ነው የሚመጣው፣ ስትሬፕቶኮከስ ራሱ ኩላሊት ገብቶ ሳይሆን ሰውነት እሱን ሊዋጋ ያመረተው አንቲቦዲ የኩላሊት ማጣሪያው ላይ ጣጣ ስለሚያመጣ። ፔኒሲሊን የተረፈውን ባክቴሪያ ያጠፋል፣ ለወንድም እህቶቹም እንዳይተርፍ፣ እብጠቱን ግን አያነሳም።

ዋናው ጉዳዬ ግፊት ነው። የልጅ ግፊት ማን ይለካል? "የልጅ ካፍ (ክንድ ላይ የሚጠመጠመው) የለንም" ትሉኛላችሁ፣ እሺ፣ በአዋቂው ለኩ፣ ትልቅ ካፍ ትንሽ ክንድ ላይ ዝቅ አድርጎ ነው የሚያነበው፣ በሱም ከፍ ካለ የእውነት ከፍ ብሏል ማለት ነው። አንድ ልጅ አንቀጥቅጦት ማጅራት ገትር ተብሎ ሁለት ቀን ሴፍትሪያክሶን የሚባል አንቲባዮቲክ ሲወስድ ቆይቶ እኛ ጋ መጣ፣ ግፊቱ 160/110! ያንቀጠቀጠው እሱ ነበር። ካርዱ ላይ አንድም ቦታ ግፊት አልተጻፈም። ፉሮሴሚድ (ሽንት የሚያሸና) እና ኒፈዲፒን (ግፊት የሚቀንስ) ጀመርንለት፣ በማግስቱ እንጀራ ጠየቀ (ያውም በሽሮ፣ ጨው ተከልክሎ እያለ)።

ጨው ይቀነስ፣ ውሃው ይመጠን፣ ጠዋት ጠዋት ክብደቱ ይለካ። ወላጅ "ኩላሊት" ሲባል የሚሰማው እጥበት ነው፣ ክው ይላል፣ ቶሎ ብላችሁ አብዛኞቹ ልጆች ሙሉ በሙሉ እንደሚድኑ ንገሩት። ሽንቱ ውስጥ በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታይ ደም አመት ሊቆይ ይችላል፣ እሱም አያስደንግጣችሁ። ግን ሽንቱ ከጠፋ፣ ክሬቲኒኑ (ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ የሚጨምረው) በየቀኑ እየወጣ ከሆነ፣ ወይ ሲ3 (በዚህ በሽታ ደም ውስጥ የሚቀንሰው ፕሮቲን) ከ8 ሳምንት በኋላም ወደ ቦታው ካልተመለሰ ሪፈር ጻፉ፣ ስትጽፉም ግፊቱን በቁጥር ጻፉልኝ፣ "ግፊት አለው" ብቻ የሚል ወረቀት ያበሽቀኛል።