ስለ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ለጠየቁት እኅታችን፦ «ፖሊ ነው ፔዳ?»

እኅታችን «ታናሽ ወንድሜ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ደርሶታል፤ የምርምር ዩኒቨርሲቲ ነው ሲባል ምን ማለት ነው? የግቢው ታሪክና ጠባይስ እንዴት ነው?» ሲሉ ጠይቀዋል። እኔ እዚያው ባዮሎጂ ተምሬ፣ ጥቂት ዓመት በሌላ ከተማ አስተምሬ፣ ለሁለተኛ ዲግሪ ተመልሼ መጥቻለሁ፤ ዛሬም የምኖረው በባሕር ዳር ነው። ስለዚህ በዐይኔ ያየሁትን ከታሪኩ ጋር አያይዤ ልመልስ።

በመጀመሪያ «ግቢው» የሚለውን ቃል እናርመው፤ ግቢው አንድ አይደለም። በ1993 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ሳጥኔን ይዤ ከአውቶቡስ ስወርድ፣ ዩኒቨርሲቲው ወዴት እንደሆነ የጠየቅሁት ወጣት መልሶ «ፖሊ ነው ፔዳ?» አለኝ። ልዩነቱን ስለማላውቅ፣ ስሙ ከበድ ያለ መስሎኝ «ፖሊ» አልሁ። እስከ እኩለ ቀን በማይመለከተኝ በር ላይ ቆሜ ዋልሁ። ጥፋቱ የራሴ ነበር፤ በጥሪው ላይ ፔዳ ተብሎ በግልጽ ተጽፏል፣ እኔ ግን አላነበብሁትም።

የዩኒቨርሲቲው ታሪክ ያ ወጣት በጠየቀኝ ጥያቄ ውስጥ ያለ ነው። ፖሊ የምንለው የቀድሞው ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1963 በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥትና በሶቪየት ኅብረት የቴክኒክ ትብብር የተቋቋመ ሲሆን፣ የእርሻ መሣሪያ፣ የጨርቃ ጨርቅ፣ የኤሌክትሪክ፣ የእንጨት፣ የብረታ ብረትና የኢንዱስትሪ ኬሚስትሪ ባለሙያዎችን ያሠለጥን ነበር። ጨርቃ ጨርቅ ከትምህርቶቹ አንዱ የሆነው ያለ ምክንያት አይመስለኝም፤ ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ የተሠራው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሁለት ዓመት ቀድሞ ሥራ ጀምሯል። በዚያው ዘመን የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ከአሜሪካው የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር ይሠራ እንደነበር ሳስበው፣ ንጉሡ ከሁለቱም ወገን ትምህርት ቤት መቀበላቸው ይገርመኛል።

ፔዳ ደግሞ የሥነ ትምህርት አካዳሚ፣ በውጭ አጠራሩ የፔዳጎጂ አካዳሚ፣ አጭር ስሙ ነው። በ1972፣ አሁንም በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በመንግሥት፣ በዩኔስኮና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ስምምነት ተመሠረተ። ዓላማው ለክፍል ማስተማር ብቻ የሚበቃ መምህር ማፍራት አልነበረም፤ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትን፣ የጎልማሶች ትምህርትንና የኅብረተሰብ ልማትን አጣምሮ የሚመራ ባለሙያ እንዲወጣበት ታስቦ ነበር። ሁለቱ ተቋማት በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 60/1991 ተዋሕደው ሚያዝያ 28 ቀን 1992 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ተመረቀ። እኔ የገባሁት ገና ዓመት ሳይሞላው ስለነበር፣ ሰዉ ሁሉ በአሮጌው ስም ይጠራው ነበር፤ እስከ ዛሬም የታክሲ ረዳቶች የሚጣሩት «ፔዳ፣ ፔዳ» እያሉ ነው።

ውሕደቱ በደንብ ተጽፎ ቢጸድቅም ጠባይ ግን ቶሎ አይዋሐድም። የፖሊ ልጅ ነገሩን ፈትቶ ሲያየው ያምናል፤ የፔዳ ልጅ ለሌላ ሰው ካላስረዳው ያወቀው አይመስለውም። ይህ የእኔ አስተያየት ነው፣ የፖሊ ጓደኞቼ ይቃወሙኛል።

ምርምር የተባለውን በተመለከተ፣ መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን በተልእኮ ሲለይ የምርምር ተብለው ከተመደቡት 8 ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ባሕር ዳር ነው። ይህም የድኅረ ምረቃ ትምህርትና ጥናት የበለጠ ክብደት እንዲያገኙ ማለት ሲሆን፣ ለአንደኛ ዓመት ተማሪ ግን ወዲያው የሚታይ ለውጥ የለውም፤ እርሱ እንደማንኛውም አዲስ ተማሪ የጋራ ኮርሶቹን ይወስዳል። እኔ እንዳየሁት ምርምሩ ነፍስ የሚኖረው ጥያቄው ከበሩ ላይ ሲነሣ ነው። ለሁለተኛ ዲግሪዬ የወጣሁት ወደ ጉማራ ወንዝ አፍ ነበር። በጣና ውስጥ ሰው ነጭ አሳ እያለ በአንድ ስም የሚጠራቸው፣ አጥኚዎች ግን 15 ያህል ዝርያ ብለው የለዩአቸው፣ በሌላ ቦታ የማይገኙ አሳዎች አሉ። 40 ሜትር ያህል የሚወርደው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ወንዝ አሳዎች ለይቷቸው፣ በሐይቁ ውስጥ ለየብቻ ተለያይተው የኖሩ ናቸው። በርከት ያሉት ዝርያዎች በክረምት እንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ወንዞቹ ይወጣሉ፤ አሥጋሪውም መረቡን የሚዘረጋው ያን ጊዜ በወንዙ አፍ ላይ ነው። በታንኳው የወሰዱኝ አንድ አዛውንት አሥጋሪ፣ እኔ በመጽሐፍ ያነበብሁትን የጉዞ ወቅት ዝናቡን አይተው ብቻ ነገሩኝ፤ ወዲያው ደግሞ በወጣትነታቸው በአንድ ሌሊት ይይዙት የነበረውን አሁን በሳምንትም እንደማይይዙት ጨመሩልኝ። ለጽሑፌ ከዚህ የተሻለ መነሻ አላገኘሁም።

እምቦጭም እንዲሁ ነው። በሐይቁ ላይ ከታየበት ከ2011 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ወዲህ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ከታረሰ ተዳፋት ጠርገው የሚያመጡት አፈርና ማዳበሪያ አረሙን እንደሚመግበው፣ ዘሩም በጭቃ ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ እንደሚቆይ ተማሪው ከመማሪያ ክፍሉ ወጥቶ ያየዋል፤ በእጅ ማረም ብቻውን ያልበቃውም በዚሁ ምክንያት ነው። የጨርቃ ጨርቁ ትምህርት ራሱን የቻለ ኢንስቲትዩት ሆኗል፤ የመሬት አስተዳደርም እንዲሁ። የባሕር ወደብ የሌላት አገር የመርከብ መሐንዲሶችን የምታሠለጥንበት አካዳሚም እዚሁ መኖሩ ፈገግ ያሰኛል፤ ተመራቂዎቹ ግን በእርግጥ በባሕር ላይ ይሠራሉ።

ስለዚህ ወንድምዎ ጥሪውን ሲያነብ የግቢውን ስም አጥርቶ ይመልከት፤ ግብርናው በዘንዘልማ፣ ከዓባይ ማዶ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ሲሆን፣ የጤናው ጥበበ ጊዮን ደግሞ በአዴት መንገድ ነው። ከተማው ሞቃት ስለሆነ ወፍራም ብርድ ልብስ አያሸክሙት። ወባ ስላለ ግን አጎበር እንዳይረሳ።