መልስ፦ «ወንድሜን ኤክሞ ላይ አድርገውታል፤ ሞቷል ማለት ነው?»

ማለት አይደለም፣ እህቴ። «ማሽኑ የያዘው በድኑን ነው» ያሉሽ ሰዎች ተሳስተዋል። ኤክሞ የሳንባን፣ አንዳንዴም የልብን ሥራ ለጊዜው የሚያግዝ ማሽን ነው፤ እሱ ላይ መሆን ብቻውን የሞት ምልክት አይደለም።

«ቬንትሌተር እያለው ይሄኛው ለምን?» ላልሽው፦ ቬንትሌተር አየር ወደ ሳንባው ይገፋል። ሳንባው ራሱ ኦክስጅን መቀበል ሲያቅተው ግን ቢገፉለትም አይጠቅመውም። ኤክሞ ደሙን ከብሽሽት ወይም ከአንገት በወፍራም ቱቦ ስቦ፣ ካርቦንዳይኦክሳይዱን አውጥቶ፣ ኦክስጅን ጨምሮ ይመልስለታል። ነገ ስትገቢ ቱቦዎቹን ልብ ብለሽ እያቸው፤ ከሰውነቱ የሚወጣው ደም ጠቆር ያለ ነው፣ የሚመለሰው ደማቅ ቀይ።

ልብም ሲደክም የቱቦዎቹ አገጣጠም ይለያል። ስለዚህ ሐኪሙን «ለሳንባው ብቻ ነው ወይስ ለልቡም?» ብለሽ ጠይቂው። ብዙ ነገር የሚወሰነው በዚህ ነው።

መድኃኒት ግን እንዳይመስልሽ። በሽታውን አያድንም፤ አካሉ እስኪያገግም ፋታ ይሰጠዋል እንጂ። ማሽኑ ላይ ሆኖ ነቅቶ ቤተሰቡን የሚያይ አለ፣ ሳያገግም የሚቀርም አለ።

አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ። እዚህ አሜሪካ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ስሠራ የኛ ሰው ፀበል ይዞ ሲመጣ አያለሁ። እኔም አማኝ ነኝ፣ አልከለክልሽም። ነርሷን ሳትጠይቂ ግን በአፉ ጠብ እንዳታደርጊ፣ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ቱቦው የገባበት ፋሻም መርጠብ የለበትም። እግሩን ላሽለት ብለሽም አትጫኚው፤ ደም ማቅጠኛ ስለሚሰጠው በትንሽ ነገር ይደማል። ፀበሉን ግንባሩ ላይ በጣትሽ ማስነካት ከፈለግሽ ለነርሷ ንገሪያት፤ ብዙዎቻችን እሺ እንላለን።