አውራው ሳይመረጥ ሲቀር፦ ጥያቄና መልስ

የዚህ ሳምንት ጥያቄዎች ሁሉም ስለ አንድ ቀን ናቸው። ሰው በተስፋ ያሳደገውን ጠቦት ጎትቶ የማኅበሩ አውራ በግ ወደሚመረጥበት ሜዳ ይወስዳል፤ ከሰዓት በኋላ ያንኑ ጠቦት ያንኑ ገመድ ይዞ ይመለሳል። መንገድ ላይ ያገኘው ሁሉ «አለፈልህ?» ይለዋል።

አሠራሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ እንንገር። ማኅበረሰብ አቀፍ የበግ ዝርያ ማሻሻያ በመንዝ የተጀመረው በ2009 እ.ኤ.አ. በሞላሌና በመሐል ሜዳ ዙሪያ ነው፤ የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል፣ ዓለም አቀፎቹ የምርምር ተቋማት ኢካርዳና ኢልሪ፣ እንዲሁም የቪየናው ቦኩ ዩኒቨርሲቲ ነበሩበት። ግልገል ሲወለድ የጆሮ ቁጥር ይደረግለታል፣ ይመዘናል፣ ይመዘገባል። በስድስት ወሩ በሚዛንና በእናቱ ታሪክ የመጀመሪያው ማጣራት ይደረጋል። ዓመት ሲጠጋው ጠቦቶቹ አንድ ቦታ ይሰበሰቡና ነዋሪው የመረጣቸው ከሦስት እስከ አምስት የሚሆኑ የኮሚቴ አባላት ቁመናቸውን ያያሉ። 15 አውራ የሚፈለግ ከሆነ ለምሳሌ 20 በቁጥር አልፈው ይቀርባሉ፤ ኮሚቴው አምስቱን ይጥላል። እነዚያ አምስቱ መጥፎ በጎች አይደሉም። ይህን ይያዙልንና ወደ ጥያቄዎቹ እንግባ።

ከሞላሌ፦ «ጠቦቴ 14 ኪሎ መዘነ፤ የጎረቤቴ 12.9። የሱ አለፈ፣ የኔ ቀረ። እውነቱን ለመናገር ኮሚቴው ውስጥ አማቹ አለበት። የልደት ቀኖቹንና ክብደታቸውን ልኬላችኋለሁ፤ እስቲ እዩልኝ።»

ቀኖቹን መላክዎ ጥሩ አደረጉ፤ ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። የእርስዎ ጠቦት በሚዛኑ ዕለት 200 ቀኑ ነበር፤ የጎረቤትዎ ገና 165። የስድስት ወር ክብደት የሚባለው ሁሉም በ180ኛ ቀናቸው ቢመዘኑ ኖሮ ምን ይመዝኑ እንደነበር ተሰልቶ ነው። እርሳስ ይያዙ። ከሚዛኑ ላይ የልደት ክብደቱን ይቀንሱ፣ ለዕድሜው ቀን ያካፍሉ፣ በ180 ያባዙ፣ የልደት ክብደቱን መልሰው ይደምሩ። የእርስዎ ሲወለድ 2.2 ኪሎ ነበር። ስለዚህ 11.8 ኪሎ ለ200 ቀን ሲካፈል በቀን 59 ግራም ያድግ ነበር ማለት ነው፤ በ180 ቀን 12.8 ኪሎ ይሆናል። የጎረቤትዎ በ2.4 ኪሎ ተወልዶ በቀን 64 ግራም ገደማ አድጓል፤ በ180 ቀን 13.9 ይጠጋል። የጎረቤትዎ በጉልህ ይበልጣል። መንታ ሆኖ የተወለደ፣ ወይም የመጀመሪያ ወላድ ያጠባችው ጠቦት ደግሞ ተጨማሪ ማካካሻ ይደረግለታል፤ ያለ ጥፋቱ ወተት አጥሮበታልና።

አንድ ነገር ግን ይመርምሩ፤ 200 ቀን የተባለው እውነት 200 ነው? «ከጥምቀት ወዲህ ነው» ተብሎ በግምት የተጻፈ የልደት ቀን በ20 ቀን ሊስት ይችላል። ጠቦትዎ እውነተኛ ዕድሜው 180 ቢሆን ኖሮ ሙሉ 14 ኪሎ ይያዝለት ነበር፤ 1.2 ኪሎ የወሰደበት መዝገቡ ነው ማለት ነው። ልደት በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ለመዝጋቢው ይነገር። ሌሊት ከወለደች ጠዋት ልጅ ይላኩ።

ስለ አማቹ፤ ዝምድና ባለበት አገር ኮሚቴ ያለ ዘመድ አይገኝም። የራሱ ወይም የቅርብ ዘመዱ በግ ሲቀርብ አባሉ ዞር ይበል ብላችሁ በስብሰባ አስወስኑ፤ ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። ቅር ሲልዎት ግን «ለምን?» ብለው አይጠይቁ፤ ለምን ሲባል ሰው ሰበብ ይፈልጋል። የልደት ቀኑን፣ ሚዛኖቹንና ደረጃውን በቁጥር ያሳዩኝ ይበሉ። ያንንም በጎቹ ከሜዳው ሳይበተኑ ያድርጉት። ሳምንት ቆይቶ የሚመጣ ቅሬታ መልስ የለውም፤ በጉ በልቶ ጠጥቶ ሌላ በግ ሆኗል።

ከመሐል ሜዳ፦ «ቤት ስመዝነው 21 ኪሎ ነበር። ሜዳ ላይ 18.5 አሉኝ። ሁለት ኪሎ ተኩል የት ገባ?»

ሆዱ ውስጥ ነበር። የበግ ሆድ የያዘው ሣርና ውኃ ከጠቅላላ ክብደቱ አሥር በመቶውን በቀላሉ ያልፋል። ማታ ከግጦሽ መልስ ጠጥቶ የተመዘነ በግና ሌሊቱን ሳይበላ አድሮ ጠዋት የተመዘነ በግ አንድ አይሆኑም። ጨው አልሶ ውኃ ማጠጣት የገበያ ብልሃት ነው፤ ምርጫ ላይ አይሠራም፣ ሁሉም ጾሙን አድሮ ይመዘናልና። ጠጉሩ በዝናብ ከራሰም ያው ያታልላል።

የቤትዎንም ሚዛን ይፈትሹ። 20 ሊትር ውኃ 20 ኪሎ ነው። ባዶውን ጀሪካን ይመዝኑ፣ ልኩን ሞልተው እንደገና ይመዝኑ፤ ልዩነቱ 20 ካልመጣ ሚዛኑ ተበላሽቷል። በጉን የሚያንጠለጥሉበትን ጆንያም መቀነስ አይርሱ። ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ከግሼ፦ «በቁጥር ሦስተኛ ነበር። ኮሚቴው ጥቁር ነው ብሎ ጣለው። ቀለም ሥጋ ይሆናል?»

አይሆንም። ዋጋ ግን ይሆናል። ገበያ ላይ ነጭና ቀይ በግ ሲፈለግ ጥቁሩ ይረክሳል፤ የቀለም ምርጫውን የጻፈው የራሳችሁ ማኅበር ነው እንጂ ተመራማሪ አይደለም። የጥቁር በርኖስ አገር ጥቁር በግ ሲጥል ማየት የሚያስቅ ነገር አለው፤ ግን በርኖስ ለባሹ ስንት ነው ዛሬ? አንድ አውራ በአንድ ወቅት ከ20 እስከ 30 እናት በጎች ስለሚያጠቃ (ስለሚያስረግዝ) ልጆቹ ገበያ ሲወጡ የሚቀነሰው ዋጋ የብዙ ሰው ኪሳራ ነው። እናቱንና አባቱን አይውቀሱ፤ ከነጭ ወላጆችም ጥቁር ይወለዳል።

ከቀለም ሌላ በመጨረሻው ማጣሪያ በግ የሚጥሉትን አስቀድመው ቤትዎ ያረጋግጡ፤ ሜዳ ላይ መስማት ነው የሚያመው። በግ ከላይ የፊት ጥርስ የለውም፤ የታችኞቹ ስምንቱ ከላይኛው ድድ ጋር ልክ መግጠም አለባቸው። ወደ ፊት ካለፉ ወይም ወደ ኋላ ከቀሩ በክረምት ሣር ቢጠግብም በበጋ አጭር ሣር አይነጭም። ቆለጡን ከኋላ ሆነው በሁለት እጅ ይዳብሱ፤ ሁለቱ እኩል፣ ጠንከር ያሉ፣ እብጠት የሌለባቸው ይሁኑ። አንዱ ብቻ የወረደለት ጠቦት ምንም ቢያምር አይሆንም። ቀንዱ ወደ ጉንጩ የሚገባ ከሆነም ይታያል። የመንዝ በግ ላት አጭርና ሰፊ ሆኖ ጫፉ ወደ ላይ የታጠፈ ነው፤ ረጅም ቀጭን ላት ያለው «ከየት የመጣ ነው?» ያሰኛል።

ከደብረ ብርሃን፦ «የአዋሲ ዲቃላ አውራ በብዙ ብር ገዛሁ። ከሁሉም ይገዝፋል። ሊመዘግቡት እንኳ አልፈለጉም።»

ምርጫው የመንዝ በግ በመንዝ በግነቱ የሚሻሻልበት ስለሆነ ነው፤ በግዎ የተሸነፈ ሳይሆን የማይገባበት ውድድር የሄደ ነው። አዋሲ የሚባለው የውጭ ዝርያ ከእስራኤል መጥቶ በደብረ ብርሃንና በአመድ ጉያ ማዕከላት ሲዳቀል ኖሯል። መኖ ላለው፣ ለሥጋ ለሚያደልብ ሰው ጥሩ ነው። የአባቱን ግዝፈት የሚያወጣው ግን የሚበላውን ካገኘ ብቻ ነው፤ በውርጭና በአጭር ሣር የመንዙ ይሻላል። የራስዎን እናት በጎች ብቻ ያጥቁበት፣ ከጋራ ግጦሽ ያርቁት። ከመግዛት በፊት ደንቡን መጠየቅ ይቀድም ነበር፤ አሁን ብናነሳው ጥቅም የለውም።

ከሰላ ድንጋይ፦ «ልጄ 14 ዓመቱ ነው። ጠቦቱን ከልደቱ ጀምሮ ያሳደገው እሱ ነው። ሲቀርበት አለቀሰ፤ አሁን በጎቹን አይቼ አላይም ይላል። ምን ልበለው?»

እናቴ፣ «በግ ነው እኮ» አይበሉት። ለሱ ዓመት ሙሉ ማልዶ የወጣበት ሥራ ነው። በጉንም በዚያው ሳምንት አይሽጡበት። ጥቂት ቀን ይለፍና ወደ መዝጋቢው አብረው ይሂዱ፤ የጠቦቱን ደረጃ ራሱ ያንብበው፤ «አልተመረጠም» ከሚለው ቃል «ከ20 አሥራ ሰባተኛ» የሚለው ይቀላል። ከዚያ ደብተር ይግዙለት፤ በየ14 ቀኑ ጠዋት ሳይበሉ ጠቦቶቹን ሁሉ መዝኖ ይጻፍ። የጠቦቱን እናት ያሳዩት፦ ካረገዘች በአምስት ወር ትወልዳለች፣ ዘጠኝ ወር ሳይሞላ ሌላ ግልገል ልታመጣ ትችላለች፤ መዝገቡ ጥሩ ከሆነ ተስፋው ያለው እሷ ላይ ነው። ሲሸጥም ዋጋውን ልጁ ይደራደር፣ ድርሻም ይኑረው። ማባበያ ብቻ ከሆነ ግን ልጅ ያውቃል።

ከአንኮበር፦ «ኮሚቴው ሊዳስሰው ሲል ዘለለ፣ አንዱን ሽማግሌ ወጋ፤ ሳያዩት ተመለስን። ለሚቀጥለው እንዴት ላለማምደው?»

መጀመሪያ አንድ ነገር ይጠይቁ፦ ልጆች አናቱን እየገፉ ይጫወቱበት ነበር? ጠቦት ሳለ አናቱን የሚገፉት በግ ሲያድግ መውጋትን ጨዋታ ያደርገዋል። ከዛሬ ጀምሮ ማንም ግንባሩን አይንካው፤ መነካት ያለበት አገጩ ሥር፣ አንገቱና ጀርባው ነው።

ከምርጫው ሦስት ሳምንት በፊት ሁለት ሜትር ተኩል ከሚሆን ለስላሳ ገመድ ከአፍንጫው በላይ የሚያልፍ መያዣ ይሥሩ፤ አፍንጫው ላይ ሲወርድ ትንፋሽ ይከለክላልና ከዓይኑ ሥር ይቀመጥ። በቀን አሥር ደቂቃ ይበቃል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ታስሮ መቆምን ብቻ ይማር፤ እየጎተተ ሲያቆም ወዲያው ገመዱን ያላሉ። የሚማረው ገመዱ ሲላላ እንጂ ሲጠብቅ አይደለም። በሁለተኛው ሳምንት ያራምዱት። በሦስተኛው እንግዳ ሰው ይምጣና አፉን ይክፈት፣ ወገቡን ይጫን፣ ቆለጡን ይዳብስ። ቀንዱን ይዘው አይጎትቱት፤ ያኔ ነው የሚዘልለው። ሜዳው ላይ ከእናት በጎች ነፋስ አቅጣጫ ያርቁት፣ አራት እግሩን ሜዳማ ቦታ ያስቁሙ፤ ኋላ እግሮቹ ጉድጓድ ውስጥ ከሆኑ ጀርባው የጎበጠ ይመስላል። ሰኮናው ከረዘመ አስቀድሞ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ይቆረጥ፤ በዋዜማው ተቆርጦ ቢያነክስ እግሩ የታመመ ይባላል። ጠጉሩንም ለማሳመር ብለው በኅዳር ውርጭ አይሸልቱ።

ከጣርማ በር፦ «አንደኛ የወጣው ጠቦቴ ለሁለተኛው ምርጫ ሳይደርስ ሞተ። ጭንቅላቱን አዘንብሎ ይዞር ነበር፤ አንድ ዓይኑም አላይ ብሎ ነበር። ሰው ዓይን በላው አለ።»

አዝነናል፤ እንዲህ ያለው ከመሸነፍ ይከብዳል። ምልክቱ ግን የአዙሪት ነው፤ መንስኤውም ከደጅዎ ውሻ ሊጀምር ይችላል። አዙሪት የያዘው በግ ሲታረድ ወይም ሲሞት ጭንቅላቱ ለውሻ ይጣላል፤ አንጎሉ ውስጥ ያለው በውኃ የተሞላ ከረጢት ውሻው ሆድ ገብቶ የኮሶ ትል ይሆናል። ትሉ እንቁላሉን ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር ግጦሹ ላይ ይበትናል፣ ጠቦት ከሣሩ ጋር ይበላዋል፣ ከወራት በኋላ አንጎሉ ውስጥ ከረጢት ያብጣል። ከበግ ወደ በግ አይተላለፍም፤ ስለዚህ የቀሩትን በጎች በፍርሃት አይሽጡ።

የሚሠራው ይህ ነው፦ የበግ ጭንቅላት ለውሻ አይሰጥ፤ ይቃጠል ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ይቀበር። ውሾቹ በየሁለት ወሩ ገደማ ፕራዚኳንቴል ይዋጡ፤ መጠኑን የእንስሳት ሐኪሙ በውሻው ክብደት ይወስናል። እርስዎ ብቻ ቢያደርጉት የጎረቤት ውሻ ያበላሸዋልና ጉዳዩን ለማኅበሩ ያቅርቡ። የሟቹ እናትና እህቶች መዝገብ ላይ አሉ፤ ደረጃው ጠፋ እንጂ ዘሩ አልጠፋም።

ከደነባ፦ «ያልተመረጠውን ለከርሞ ላቆየው አስባለሁ። ሰው ተው ይለኛል።»

ሰው ልክ ነው። የስድስት ወሩ ሚዛን አንዴ ነው፤ ከርሞ አይታረምም። ሳይኮላሽ ከመንጋው ጋር ከዋለ ደግሞ የተመረጠውን አውራ ሥራ ያፈርሳል፤ ጠቦት ገና ሰባት ወር ሳይሞላው ማጥቃት ይችላል፣ የጋራ ግጦሽ ላይ የማን አውራ እንዳስረገዘ ማን ያውቃል? ስለዚህ ወይ ይሽጡት ወይ ያኮላሹትና ያደልቡት።

በቡርዲዞ (ቆዳውን ሳይቆርጥ የቆለጡን ገመድ በሚጨምቅ መቆንጠጫ) የሚኮላሸው በባለሙያ ነው። የሁለቱ ቆለጦች ገመድ ለየብቻ ይጨመቃል፤ ጭምቆቹ በአንድ መስመር ከተያያዙ የቆለጡ ቆዳ ደም አጥቶ ይሞታል። ከአንድ ወር በላይ ቆይተው ይዳብሱ፤ ካልሟሸሸ ገመዱ አምልጧልና ይደገማል።

ለገና ከፈለጉ መስከረም 29 ይጀምሩ፤ ታኅሣሥ 29 ላይ 90 ቀን ይሞላል፣ ገበያው ግን ቀደም ይላልና ሳምንት ያስቀድሙ። መጀመሪያ የትል መድኃኒት። ድርቆሽ እንደልቡ፤ ከዚያ ላይ ሁለት እጅ ፉርሽካ፣ አንድ እጅ የኑግ ፋጉሎ። በቀን ከ50 ግራም ተነሥቶ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ እያለ ወደ 300 ግራም ይድረስ። በአንድ ቀን ብዙ እህል ያገኘ በግ ሆዱ ይኮመጥጥና ይሞታል። ፉርሽካ ብቻውን ሲበዛ ደግሞ በወንድ በግ የሽንት ቧንቧ ላይ ጠጠር ያመጣል፤ ጨውና ንጹሕ ውኃ ከፊቱ አይጥፋ። ቆሞ ሲያምጥ፣ ሽንቱ ጠብ ጠብ ሲል ካዩ ነገ አይበሉ፤ ያንኑ ዕለት ወደ ሐኪም ይውሰዱት።