ያልተነሳው ስልክ ሲዞር የማን እንደነበር ይዞ ይሂድ

እህቴ፣ ሌሎችም እንዲከተሉን ጥያቄዎን ደግሜ ላስቀምጠው። ባሕር ዳር ያለው ቢሮአችሁ 14 የውስጥ ቁጥሮች ያሉት የስልክ ማዞሪያ አለው። አሁን ደግሞ የድምፅ መልእክት የሚቀበል ሌላ ሲስተም በአንድ ኮምፒውተር ላይ ተተክሏል። ያልተነሳ ስልክ ወደዚያ መዞሩን ይዞራል፤ ነገር ግን የሚሰማው ሰላምታ ለሁሉም አንድ ነው፣ የሒሳብ ክፍሉም የሥራ አስኪያጁም መልእክት በአንድ ሣጥን ይጠራቀማል። «ማዞሪያው ተበላሽቶ ይሆን?» ብለዋል።

አልተበላሸም። ጣና ዳር ጎብኚዎችን በጀልባ በሚያጓጉዝ ድርጅት ውስጥ ስልኩንና ኔትወርኩን ለዓመታት ስይዝ ይኸው ነገር ገጥሞኛል። ደዋዩ 104ን ፈልጎ ደወለ፣ 104 አልተነሳም። ማዞሪያው ጥሪውን ወደ ድምፅ መልእክቱ መግቢያ ያዞረዋል፤ መግቢያው 700 ነው እንበል። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የደዋዩን ቁጥርና የተደወለው 700 መሆኑን ብቻ ነው። 104 መንገድ ላይ ጠፍቷል። ማዞሪያውና የድምፅ መልእክቱ አንድ መሣሪያ ቢሆኑ ኖሮ ይህ አይደርስም ነበር።

ሁለቱ የተገናኙት በኤስአይፒ (ጥሪን በኮምፒውተር ኔትወርክ የሚያገናኝ ደንብ ነው) ከሆነ፣ ማዞሪያው ከጥሪው ጋር «ዳይቨርዥን» የሚባለውን መረጃ እንዲልክ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ቅንብሩ ውስጥ ይፈልጉ። ጥሪው በመጀመሪያ የማን እንደነበር የሚናገረው እርሱ ነው፤ አዳዲሶቹ መሣሪያዎች «ሂስትሪ ኢንፎ» የሚባለውንም ይጠቀማሉ። መላኩ ብቻ ግን አይበቃም፤ ተቀባዩም እንዲያነበው መታዘዝ አለበት። እኔ ሁለት ቀን ሙሉ የደከምኩት መረጃው እየመጣ ማንም ሳያነበው ነበር።

ማዞሪያችሁ አሮጌ ሆኖ ይህን የማያውቅ ከሆነ፣ እኔ በመጨረሻ የረጋሁበት ዘዴ ይኸው፦ እያንዳንዱ ስልክ ወደ 700 ሳይሆን ፊቱ ላይ 7 ወደ ተጨመረበት የራሱ ቁጥር ይዙር። 104 ወደ 7104፣ 105 ወደ 7105። ማዞሪያው በ71 የሚጀምረውን ሁሉ ወደ ኮምፒውተሩ እንዲልክ፣ ኮምፒውተሩም 7ን ቆርጦ የቀረውን እንደ ሣጥን ቁጥር እንዲወስድ ያድርጉ። ለ14 ስልክ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ለእናንተ የምመርጠውም ይህንኑ ነው፤ ነገ ሌላ ባለሙያ ቢመጣ አይቶ ወዲያው ይገባዋል።

የማዞሪያውና የኮምፒውተሩ ግንኙነት በተራ የስልክ ሽቦ ከሆነ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር ያስቸግራል። ደዋዩ ስልኩን ሲዘጋ ኮምፒውተሩ ላያውቅ ይችላል፤ የመስመሩን «ቱት ቱት» እየቀዳ ይቀጥላል። ኮምፒውተሩ የሚጠብቀውን የመዝጊያ ድምፅ ማዞሪያው ከሚያሰማው ጋር እንዲገጥም ያስተካክሉ፣ የመልእክቱንም ርዝመት በ2 ደቂቃ ይወስኑ።

አሁን ወደ ሰዓቱ ልምጣ፤ እኛን ክፉኛ የጎዳን እርሱ ነው። በአንድ የጥቅምት ማለዳ ከዘጌ የጀልባ ነጂያችን ደወለ። ቢሮው ገና ስላልተከፈተ መልእክት ተወ፦ ሞተሩ እምቢ ብሏል፣ ሌላ ጀልባ ፈልጉ። ከድምፁ ጀርባ ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስሎ ሲጠፋ ይሰማል። የደወለው ከጠዋቱ 1፡10 ነበር፤ ዝርዝሩ ላይ ግን 7፡10 ተብሎ ተጻፈ። ባልደረባችን ገብቶ ሲያየው የትናንት ከሰዓት በኋላ መሰለው፣ አለፈው። ስድስት እንግዶች ምሳቸውን ቋጥረው መሳፈሪያው ላይ እስከ አራት ሰዓት ቆሙ። ሌላ ጀልባ ሲገኝ ጊዜው ሄዷል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ማዕበል ስለሚያነሣ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ሳያዩ ተመለሱ። ያን ቀን ፊታቸውን ማየት አፍሬ ነበር።

ስለዚህ የኮምፒውተሩ ሰዓት በአዲስ አበባ ሰዓት ይቆይ፤ ሲስተማችሁ ለመልእክት ሣጥኖች የተለየ የሰዓት ቀጠና የሚፈቅድ ከሆነ ግን ለእነርሱ ብቻ 6 ሰዓት ወደ ኋላ የቀረውን ይስጧቸው። ያኔ 7፡10 የነበረው 1፡10 ሆኖ ይወጣል፣ ሰው እንደለመደው ያነበዋል።

የመጥሪያውን ርዝመት 25 ሰከንድ ያድርጉት። እኛ በ12 ጀምረን ነበር፤ እንግዳ ተቀባይዋ ከግቢው በር ሮጣ ሳትደርስ ይዞርባት ነበር። ሰላምታውን ደንበኞች የሚያውቁት ሰው በራሱ ድምፅ በአማርኛ ይቅዳው፣ መቼ መልሶ እንደሚደውልም ይናገር። የማሽን ድምፅ ሲሰሙ ይዘጉ የነበሩ ሰዎች የእንግዳ ተቀባይዋን «ጤና ይስጥልኝ» ሲሰሙ መልእክት መተው ጀምረዋል።

መብራት ሲጠፋስ? ማዞሪያው በባትሪ እየሠራ ኮምፒውተሩ ከጠፋ፣ ጥሪው ወደማይመልስ ቦታ ይላካል። 71ዎቹ ካልመለሱ ጥሪው ወደ እንግዳ መቀበያው እንዲመለስ ያዝዙት። ከዚያ በእጅ ስልክዎ በቢሮው ቁጥር በኩል ወደ 104 ሦስት ጊዜ ይደውሉ፦ አንዴ ሳይነሳ፣ አንዴ ተይዞ ሳለ፣ አንዴ የኮምፒውተሩን ኬብል ነቅለው። ሦስተኛው ላይ የሚሆነውንና የማዞሪያውን ሞዴል ይጻፉልኝ፣ ከዚያ ቅንብሩን አብረን እናየዋለን።